የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ታሪክ፤ በዐቢይ ጾም ፊልም ለሚመለከቱ ምእመናን

ሲኒማ የሚባለው ነገር በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው። በግድግዳ ላይ ሰው ሲሄድና ሲስቅ ማየት የምትሐት ሥራ መስሎት ነበርና አያስደንቅም። ዛሬ ግን ነገሩ ተገላብጦ የግብጽ ክርስቲያኖች የቅዱሳንን ገድል በፊልም ይሠራሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዱ በአማርኛ ድምፅ ተመልሶ በየካ አባዶም ሆነ በእንጦጦ ሥር ባሉት አጥቢያዎች ምእመናን በዐቢይ ጾም ማታ ከልጆቻቸው ጋራ ተቀምጠው ይመለከቱታል። የሙሴ ጸሊም ታሪክ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሊወደድም ይገባዋል፤ ነገር ግን የተመልካቹ ልብ ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ሰይፉና ወደ ዘረፋው ነው፤ ጾመኛን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለው ሳለ።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ አገር የኖረ፥ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፥ ስለ መልኩም ጥቍረት ጸሊም የተባለ ሰው ነው። አስቀድሞ የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ፤ ጌታውም ክፋቱንና ሌብነቱን መታገሥ ቢያቅተው ከቤቱ አባረረው። ከዚያም ሸፍቶ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ጕልበቱ እጅግ የበረታ ነበረ። ከሙሴ ሞት በኋላ ብዙ ዘመን ሳያልፍ የመነኮሳትን ታሪክ የጻፈው ጳላድዮስ እንደሚነግረው፥ አንድ ሌሊት የአንድ እረኛ ውሾች ካሰበው ክፉ ሥራ ስለ ከለከሉት እረኛውን ሊገድል ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜም ወንዙ ሞልቶ ሳለ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ፥ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፥ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ግን አስቀድሞ አይቶት በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነበርና አጣው። በቍጣው አራት የሰቡ አውራ በጎች መርጦ አረደና በገመድ አስሮ እየጎተተ ዳግመኛ ወንዙን ዋኝቶ ተመለሰ፤ ሥጋውን በላ፥ ቆዳውንም ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት። እንዲህ ያለው ነገር ለፊልም ሠሪ ትልቅ ሲሳይ ነው።

ወደ ንስሐ የመጣበትን መንገድ ስንክሳር ይተርካል። ሙሴ ፀሐይን ያመልክ ነበረ፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ እርሷ አንጋጦ አምላክ ከሆነች ትናገረው ዘንድ ይለምናት ነበረ። ፀሐይ ዝም አለችው። ልቡ ዕረፍት ስላጣ፥ በአስቄጥስ በረሃ የሚኖሩ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ ሰምቶ ሰይፉን እንደ ታጠቀ ተነሥቶ ሄደ። ያገኘውም አባ ኤስድሮስን ነው፤ ሽማግሌው አይቶት ፈራ፤ ሙሴ ግን የመጣው አምላክን ለማወቅ መሆኑን ነገረው። አባ ኤስድሮስም ወደ ታላቁ አባ መቃርስ አደረሰው፤ በዚያም ተምሮ ተጠመቀ፥ መነኰሰም።

ብዙ ሰው ታሪኩ በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ትግሉ የጀመረው ግን ከዚህ ወዲያ ነው። የቀድሞው ልማዱ በዝሙት ሐሳብ እየመጣ ቢያስጨንቀው ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ገለጠለት። ሽማግሌውም የቈየ ልማድ በአንድ ቀን እንደማይለቅ፥ ሥጋ ቤት የለመደ ውሻም የሚሰጠው ሲያጣ ቀስ በቀስ እንደሚቀር አስረዳው። ሙሴ ደረቅ እንጀራ ብቻ እየበላ በቀን 50 ጸሎት ያደርስ ጀመር፤ ሐሳቡ አልተወውም። 6 ዓመት ሌሊቱን ሁሉ በበዓቱ መካከል ቆሞ ጸለየ፤ አሁንም አልቀረለትም።

በመጨረሻ ሌላ ሥራ ያዘ። ጕልበታቸው ያለቀ ሽማግሎች መነኮሳት ወዳሉበት በሌሊት እየሄደ፥ እንስራቸውን ሳያውቁት አንሥቶ ውኃ ሞልቶ ይመልስላቸው ነበረ። ውኃው ለአንዱ ግማሽ ማይል፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለሌላውም አምስት ማይል ያህል ይርቀው ነበረ። ከእንጦጦ እንጨት በጀርባዋ አዝላ የወረደች እናት፥ ወይም ጀሪካን ተሸክሞ የኮንዶሚኒየም ፎቅ የወጣ ሰው ይህን ሸክም ሳይነገረው ያውቀዋል። በዐቢይ ጾም በ4ኛው እሑድ የሚነበበው የመጻጉዕ ወንጌል ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ያሳየናል፤ ሙሴ ሰው ላጡት ሽማግሎች ውኃውን ራሱን ወደ ደጃቸው አመጣላቸው።

አንድ ሌሊት በጕድጓዱ አፍ ጐንበስ ብሎ ሲቀዳ ሰይጣን ወገቡን በዱላ መታው፤ በማግሥቱ ሊቀዳ የመጣ መነኵሴ እንደ ሞተ ሰው ወድቆ አገኘው። አንድ ዓመት ሙሉ ታመመ። ከዚያ በኋላ አባ ኤስድሮስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ከሐሳቡ ነጻ መውጣቱን ነገረው፤ ይህም መከራ ያገኘው በገዛ ጕልበቱ ድል እንዳደረገ እንዳይመካ መሆኑን አስረዳው። ይህን ሁሉ ለማሳየት ፊልም ይቸግረዋል። ጊዜው ጨለማ ነው፤ ሥራው በየሌሊቱ አንድ ዐይነት ነው፤ የሚያየውም ሰው የለም።

በጾም ወራት ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ግን የጢሱ ነገር ነው። አስቄጥስ ሁሉ አንድ ሳምንት እንዲጾም ታዝዞ ሳለ ከግብጽ ወንድሞች እንግዳ ሆነው ወደ ሙሴ መጡ፤ እርሱም ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ትእዛዙን አፍርሶ እንዳበሰለ ለካህናቱ ከሰሱት። ካህናቱ ግን ኑሮውን ያውቁ ነበርና ቅዳሜ ማኅበሩ በተሰበሰበ ጊዜ፥ የሰውን ትእዛዝ ትቶ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ጠበቀ በሁሉ ፊት መሰከሩለት። ከዚህ ጾም ይፈታ የሚል ትምህርት አይወጣም፤ ሙሴ ራሱ በደረቅ እንጀራ የኖረ ሰው ነውና። ነገር ግን በጾም የሰውን ድስት እየቈጠረ የሚውል ሰው ጢሱን ካዩት ጎረቤቶች ወገን ነው።

ሌላ ጊዜም አንድ ወንድም በድሎ ሽማግሎች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴ ቀረ። መልእክተኛ ቢላክበት የተቀደደ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ መጣ። ነገሩን ቢጠይቁት፥ የገዛ ኃጢአቱ በስተኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ማሩት።

ለቅስና በደረሰ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ወዶ ካህናቱ ከመቅደስ እንዲያባርሩት አዘዘ። በጥቍረቱ እየሰደቡ አስወጡት። ሙሴ በልቡ ራሱን ወቀሰ እንጂ ቃል አልመለሰም፤ ቀድሞ በውሻ ጩኸት ቂም ይዞ ወንዝ የዋኘው ሰው ይኸው ነበረ። ከዚያም ተመርጦ ካህን ሆነ።

በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ዕድሜው 75 ዓመት ያህል ሲሆን፥ በርበሮች ወደ አስቄጥስ መምጣታቸው ተሰማ። ሙሴ ወንድሞቹን እንዲሸሹ ነገራቸው፤ እርሱ ግን ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታ የተናገረው ቃል እንዲፈጸምበት ብዙ ዘመን ሲጠብቅ መኖሩን ገልጦ ቀረ። ሌሎችም አብረውት ቀሩ፤ በርበሮቹም ገደሏቸው። አንዱ መነኵሴ ግን ከሰሌን በስተኋላ ተሸሽጎ ሳለ የእግዚአብሔር መልአክ አክሊል ይዞ ቆሞ ሲጠብቀው አየና ከተሸሸገበት ወጣ፤ እርሱንም ገደሉት። የሙሴ ዐፅም ዛሬ በግብጽ በበራሙስ ገዳም ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋራ ይገኛል፤ ታሪኩም ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር ይነበባል።