ድቻን ካይሮ ያደረሰው መንገድ

በ2010 ዓ.ም ወላይታ ድቻ ዛማሌክን ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ አስታወሳችሁ? ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈና በመለያ ምት አለፈ። አሥር ዓመት ያልሞላው የሶዶ ክለብ! እኔን ያኔ ትዝ ያሉኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

በ1914 ዓ.ም ጅማ ተወለዱ። አባታቸው በሸክላ የዘፈኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ግን ኳስ መረጡ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል። ወጣትነታቸው ጣሊያን ላይ ወደቀ፤ ያኔ አበሻና ነጭ አንድ ሜዳ ላይ እንዳይገናኙ ተከልክሎ ነበር። ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው እንግዲህ በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት።

ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ላምጣ አለች። አይሆንም ተባለች፤ ወጣች። የእሷ ተጋጣሚ ኢትዮጵያ ስለነበረች ሳንጫወት ለፍጻሜ አለፍን። (ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ እሱን እንለፈው።) የግብፅን ብድር በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ መለስን፤ 4 ለ 2፣ በተጨማሪ ሰዓት። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ።

በ1964 ዓ.ም የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስኪሞቱም አለቀቁም። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም ከፊፋ ስትባረር የአህጉሩን ድምፅ ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው የሚያነሳላቸው ይህንን ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ለሶዶ ልጅ የምነግረው ሌላውን ነው። በእሳቸው ዘመን፣ በ1967 ዓ.ም፣ የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተጀመረ። የሊግ ሻምፒዮን መሆን የማይችል ክለብ እንኳ በአገሩ ጥሎ ማለፍ ካሸነፈ አህጉር የሚወጣበት በር ማለት ነው። ያ ውድድር በ1996 ዓ.ም ከሌላ ጋር ተዋህዶ የዛሬው ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሆነ። ድቻም በ2009 ዓ.ም የኢትዮጵያ ዋንጫን አንስቶ የገባው በዚሁ በር ነው።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ 1979 ዓ.ም አረፉ። ድቻ የተመሠረተው ከ22 ዓመት በኋላ ነው።