አደራ ጠባቂው አስተርጓሚ፦ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ)

ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት የ11 ዓመት ልጅ ነበር። የተወለደው ከኸዝረጅ ጎሣ፣ ከበኑ ነጃር ነው። አባቱ በቡዓሥ ጦርነት ስለተገደለ የቲም ሆኖ አደገ። የበድር ዘመቻ ሲነሣ ለመሰለፍ ቢቀርብም ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ ተመለሰ።

አላህ ግን ሌላ በር ከፈተለት። ዘመዶቹ ነቢዩ ፊት ሲያቀርቡት ከ10 በላይ ሱራዎችን በቃሉ ይዞ ነበር። በዚያን ጊዜ ከአይሁድ ጋር የሚደረገው የደብዳቤ ልውውጥ በሌሎች ሰዎች እጅ ያልፍ ስለነበር፣ ነቢዩ ቃሉ እንዳይዛባ ሰጉ። ስለዚህ ዘይድ የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት። እርሱም ግማሽ ወር ባልሞላ ጊዜ ተምሮ የሚላከውን መጻፍ፣ የሚመጣውንም ማንበብ ጀመረ። ታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ እንደሚለው ፋርስኛ፣ ሮምኛ፣ ቂብጥኛና የሐበሻንም ቋንቋ ያስተረጉም ነበር፤ የተማረውም እዚያው መዲና ከየቋንቋው ተናጋሪዎች ነው።

ዘይድ በቋንቋ ብቻ አልቆመም። በውርስ ሕግ፣ ማለትም በፈራኢድ፣ ከሰሓቦች ሁሉ የላቀ ዐዋቂ መሆኑን ነቢዩ መስክረውለታል። ፈራኢድ ሒሳብ ነው፤ አንዲት ክፍልፋይ ብትሳሳት የየቲም ሐቅ ይጠፋል።

ከየማማ ጦርነት በኋላ ብዙ ቁርኣን ያፈዙ ሰዎች ስለተሰዉ፣ ኸሊፋው አቡ በክር (ረ.ዐ) ቁርኣንን በአንድ እንዲሰበስብ አዘዙት። ሥራው ተራራ ከማንቀሳቀስ ከብዶት ነበር። እርሱ ራሱ ሓፊዝ ሆኖ ሳለ በትዝታው ብቻ አልተማመነም፤ ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከድንጋይና ከሰዎች ልብ እያመሳከረ ሰበሰበ። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመንም ሙስሐፎቹ ሲገለበጡ ከጸሐፊዎቹ አንዱ እርሱ ነበር። በነቢዩ ሱሑርና በፈጅር ሶላት መካከል 50 አንቀጽ የሚያስቀራ ጊዜ እንደነበር ያስተላለፈልንም ዘይድ ነው። ብዙዎች እንደሚሉት በ45 ዓመተ ሒጅራ መዲና ውስጥ ዐረፈ።

ይህ ታሪክ እኛ አዊ ውስጥ ላለነው ሩቅ አይደለም። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ልጁ ዓረብ ሀገር ያለችበት ቤተሰብ የሥራ ውል ወይም የሐኪም ወረቀት ይዞ ዓረብኛ የቀራ ሰው ይፈልጋል። ነሕውና ሶርፍ የቀራ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ያነባል። የመድኃኒቱን መጠን ወይም የውሉን ግዴታ በግምት ቢያስረዳ ግን ጉዳቱ የሚያርፈው ታማሚው ወይም በሰው ሀገር ባለችው ልጅ ላይ ነው። አዊኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ሐኪም ፊት ሲቀርቡም ነገሩ ያው ነው፤ አጠገባቸው የተገኘ ልጅ ሁሉ አስተርጓሚ አይሆንም።

ከዘይድ የምንማረው አስተርጓሚ ሦስት ነገር እንደሚያስፈልገው ነው፦ ቋንቋውን ማወቅ፣ ጉዳዩን ማወቅ፣ አማና መጠበቅ። የማናውቀው ቃል ሲገጥመን ቆም ብለን የሙያውን ሰው መጠየቅ ከአማና ይቆጠራል። ወላጆችም ነርስነት ወይም ሕግ የሚማረውን ልጃችሁን ዓረብኛውን እንዳይተው፣ አዊኛውንም እንዳይረሳ አበረታቱት። ነገ የአንድ ቤተሰብ ሐቅ በእርሱ ምላስ ላይ ያርፍ ይሆናል።

አላህ ፆማችንን ይቀበለን፤ ምላሳችንንም አማና ጠባቂ ያድርግልን።