አድማጩን ለሁለት የከፈለው ፒያኖ ተጫዋች

ጊዜው እ.ኤ.አ ኤፕሪል 6 ቀን 1962 ነው። በኒውዮርክ ከተማ የሚገኘው ታዋቂው የካርኔጊ አዳራሽ በሙዚቃ አፍቃሪዎች ተሞልቷል። የምሽቱ እንግዳ ከካናዳ የመጣ የ29 ዓመት ወጣት ፒያኖ ተጫዋች ነው። ከኒውዮርክ ፊልሐርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የዮሐንስ ብራምስን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቸርቶ ሊጫወት ቀጠሮ ይዟል። ይሁን እንጂ ወደ መድረኩ ቀድሞ የወጣው እርሱ ሳይሆን የኦርኬስትራው መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን ነበር። ወጣቱ ኮንሰርት በመጨረሻው ሰዓት በመሰረዝ ይታወቅ ስለነበር፣ መሪው ብቻውን ብቅ ማለቱ ዛሬም ቀረ የሚያሰኝ ነበር።

በርንስታይን የተናገረው ግን ከመቅረት ዜናም የባሰ እንግዳ ነገር ነበር። ተጫዋቹ መምጣቱን አረጋገጠ። ቀጥሎም ወጣቱ ሥራውን ሊጫወትበት ባሰበው እጅግ ዝግ ያለ ፍጥነት እርሱ እንደማይስማማ፣ ይሁን እንጂ የአንድ ብርቱ አርቲስት ሐሳብ ሊደመጥ ይገባዋል ብሎ በማመን አብሮት እንደሚጫወት ለታዳሚው አስረዳ። ከዚያም ኦርኬስትራውን መራ፤ ወጣቱም ባሰበው ፍጥነት ተጫወተ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ክርክሩ ጦፈ። የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሃያሲ ሃሮልድ ሾንበርግ ጨዋታውን በምፀት ሸነቆጠው። እንዲያውም ተጫዋቹ ያዘገመው ጣቶቹ ለሥራው ስላልበቁ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ሌሎች ደግሞ ነቀፌታቸውን ወደ መሪው አዞሩ፤ አብሮት የሚጫወተውን ሰው በአደባባይ አሳልፎ ሰጠው አሉ። በነገሩ ያልተቀየመው ባለጉዳዩ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የበርንስታይንን ንግግር አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ወድዶትም ነበር።

ይህ ሰው ግሌን ጉልድ ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተነሡ ፒያኖ ተጫዋቾች መካከል የእርሱን ያህል አድማጭን ለሁለት የከፈለ ጥቂት ነው።

ጉልድ እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1932 በካናዳዋ የቶሮንቶ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ ነበር። አባቱ የጠጉራም ቆዳ ካፖርቶች ነጋዴ ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ የሙዚቃ መምህርት። ሕፃኑ ፊደል በወጉ ሳይለይ ኖታ ማንበብ ጀመረ። የሰማውን ድምፅ የትኛው እንደሆነ ያለ ማመሳከሪያ ለይቶ ያውቅ ነበር። እናቱ ፒያኖ ሲያስተምሩት የሚጫወተውን ዜማ በአፉ እንዲያዜም አደረጉት። ይህ የልጅነት ልማድ ዕድሜ ልኩን አልተወውም። በኋላ ዘመን ብዙ አድማጮችን ያስቆጣውም ይኸው ማንጎራጎር ነው።

ልጁ 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ በሐይቅ ዳር በነበረው የበጋ ቤቱ ከጀልባ መንሸራተቻ ላይ ወድቆ ጀርባው ተጎዳ። በዚያው ዘመን አካባቢ ከቺሊ የመጡት መምህር አልቤርቶ ጌሬሮ ያስተምሩት ጀመር። ጌሬሮ ከፒያኖው ዝቅ ብሎ መቀመጥንና ክንድን ሳይጭኑ በጣት ብቻ መጫወትን የሚመርጡ ነበሩ። የጀርባው ጉዳትና የመምህሩ ትምህርት ተደምረው ጉልድን ከሌላው የተለየ አቀማመጥ አስያዙት። እ.ኤ.አ በ1953 አባቱ የአንዲት ተጣጣፊ ወንበር እግሮች ቆርጠው አሳጠሩለት። መቀመጫዋ ከወለሉ ከ36 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም ነበር። አገጩ ከፒያኖው ቁልፎች ብዙም ከፍ ሳይል፣ ወንበሯ እየተንሲጠሲጠች ተጫወተ። ጨርቋ ተበጣጥሶ ባዶ እንጨት ከቀረች በኋላ እንኳ በሌላ አልለወጣትም።

የዓለምን በር የከፈተለት እ.ኤ.አ 1955 ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ በዋሽንግተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ተጫወተ። በኒውዮርኩ አዳራሽ የተገኘው ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ከታዳሚዎቹ አንዱ የኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ኃላፊ ዴቪድ ኦፐንሃይም ነበር። በማግስቱ ውል ቀረበለት። ጉልድ ለመጀመሪያ ሸክላው የመረጠው የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች ነው። ሥራው አንድን የመነሻ ዜማ ይዞ በ30 ልዩ ልዩ መልክ የሚያስኬድ፣ በመጨረሻም ወደ መነሻው የሚመለስ ረጅም ድርሰት ነው። በዚያን ጊዜ ሕዝብ የሚገዛው ሙዚቃ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር፤ ኩባንያውም ሌላ ሥራ እንዲመርጥ ጠይቆት ነበር።

ቀረጻው የተካሄደው በጁን ወር፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የኒውዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ጉልድ በበጋው ሙቀት ካፖርት ደርቦ፣ የአንገት ልብስና ጓንት አድርጎ ደረሰ። ፎጣዎቹን፣ የመድኃኒት ጠርሙሶቹንና ወንበሩን ይዞ ነበር። ከመጫወቱ በፊት እጆቹን በሙቅ ውኃ ይነክራል። ሲጫወት ያንጎራጉራል፤ አንድ እጁ ሥራ ከፈታ በዚያው እጅ ራሱን እንደ ኦርኬስትራ ይመራል።

ሸክላው በ1956 መጀመሪያ ሲወጣ የተሰማው ግን ሌላ ነገር ነበር። በባኽ ሥራ ውስጥ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዜማዎች በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ጉልድ እያንዳንዱን ድምፅ ከጎረቤቱ ለይቶ፣ እንደ ተፈለቀቀ ዘር አንድ በአንድ አሰማ። አድማጭ ከዜማዎቹ የፈለገውን መርጦ እስከ ፍጻሜው ሊከተል ቻለ። ለብዙዎች ይህ ባኽን እንደ አዲስ የመስማት ያህል ነበር። ለሌሎች ደግሞ ፍጥነቱ ጥድፊያ፣ ጥራቱ ድርቀት፣ ማንጎራጎሩም መረበሽ ሆነባቸው። ባኽ ድገሙ ያለው አለመደገሙ እንደ ድፍረት ተቆጠረበት።

በቀጣዩ ዓመት ሜይ ወር ጉልድ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጓዘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ የተጫወተ የመጀመሪያው የሰሜን አሜሪካ ፒያኖ ተጫዋች እርሱ ነው። በሞስኮ የመጀመሪያው ኮንሰርት ሲጀመር ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ አዳራሹ አልሞላም። በእረፍቱ ሰዓት ግን ታዳሚዎቹ ወጥተው ለወዳጆቻቸው ስልክ ደወሉ። ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ለሙዚቃ ተማሪዎች ባቀረበው ሌላ ዝግጅት ደግሞ በሶቪየት ባለሥልጣናት ዘንድ የተወገዙ የሾንበርግንና የዌበርንን ሥራዎች ተጫወተ። ከአንጋፋ መምህራን መካከል አዳራሹን ጥለው የወጡ ነበሩ። ወጣቶቹ ግን ተቀምጠው አዳመጡ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አቀባበል ገጠመው።

ዝናው ሲገዝፍ ጋዜጦች ከሙዚቃው ይልቅ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጓንቱና ስለ ክኒኖቹ መጻፍ አበዙ። ነቃፊዎቹ ሁሉን ነገር ታይታ ነው አሉ። አድናቂዎቹ ዓይንን ጨፍኖ መስማት ይበቃል ሲሉ መለሱ። ለጉልድ ግን መድረክ ራሱ ሥቃይ ነበር። ጉዞ ያስፈራው ነበር፤ ብርድና በሽታም እንደዚሁ። በሺህ የሚቆጠር ዓይን በአንድ ሰው ላይ አፍጥጦ ስሕተቱን የሚጠብቅበትን አዳራሽ ከትግል ሜዳ ለይቶ አያየውም። በዚሁ በ1962 ጭብጨባ እንዲታገድ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመ። ሙዚቃ ሰው ለብቻው ሆኖ ሊያሰላስለው የሚገባ ነገር ነው የሚል እምነት ነበረው።

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 10 ቀን 1964 በሎስ አንጀለስ ተጫወተ። ስንብት አልታወጀም፤ ኮንሰርቱም እንደ ሌሎቹ ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲያ ግን ጉልድ በሕዝብ ፊት ለኮንሰርት አልተቀመጠም። ዕድሜው 31 ነበር። ፒያኖ ተጫዋች ከመድረክ ርቆ ዝናውን ማቆየት በማይታሰብበት ዘመን፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ በሩን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ስቱዲዮ ሆነ። በዚህም አዲስ የክርክር ምዕራፍ ተከፈተ። ጉልድ አንድን ሥራ ደጋግሞ ይቀርጻል፤ ከዚያም የቴፑን ክር ቆርጦ የሚሻለውን ከሚሻለው ጋር ይቀጥላል። ከባኽ ፉጎች አንዱን ሁለት ጊዜ በተለያየ መንፈስ ከተጫወተ በኋላ ሁለቱም ብቻቸውን አሰልቺ ሆነው አገኛቸው። የአንዱን መጀመሪያና መጨረሻ ከሌላው መካከል ጋር አጋጥሞ አንድ ሙሉ ሥራ አወጣ፤ ይህንንም ሳይደብቅ ጽፎ አስነበበ። አንዳንዶች ማታለል ነው አሉት። ያልተጫወተውን ጨዋታ እንዴት ተጫወትሁ ይላል ሲሉ ጠየቁ። እርሱ ግን የፊልም ሠሪ ትዕይንቶቹን በቅደም ተከተል እንዲቀርጽ ማንም እንደማያስገድደው ያስታውሳቸው ነበር። ለእርሱ ዋናው ነገር ቤቱ የተቀመጠው አድማጭ የሚደርሰው ሙዚቃ እንጂ፣ በአንድ ምሽት የታየ ጀብዱ አልነበረም።

ከሁሉ የበረታው ቁጣ የመጣው በሞዛርት ምክንያት ነው። ጉልድ ሞዛርት እየበሰለ ሲሄድ ሥራው እየደከመ ሄዷል ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ በ1968 ይህንኑ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርቦ በፒያኖ እያስረዳ ተከራከረ፤ ብዙ ተመልካችም ተቆጣ። እንዲያም ሆኖ የሞዛርትን የፒያኖ ሶናታዎች በሙሉ ቀረጸ። አንዳንዱን እንደ ነፋስ አስሮጠው፤ አንዳንዱን ደግሞ ደረቅ አድርጎ ቆራረጠው። የቤትሆቨንን አፓሲዮናታ ሶናታ ሲቀርጽም የመጀመሪያውን ክፍል ለመታገሥ እስኪያስቸግር ድረስ አዘገመው።

በዚህ ላይ የተነሣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ተጫዋች የደራሲው መልእክተኛ ነው ወይስ ራሱም ደራሲ? ደራሲው በጽሑፍ ያኖረውን ፍጥነትና አገባብ የመለወጥ መብት ከወዴት አገኘ? የጉልድ መልስ በሥራው የታወቀ ነው። አንድ ሥራ መቶ ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ከተቀረጸ፣ መቶ አንደኛው ሰው ያንኑ ለመድገም የሚቀረጽበትን ምክንያት አያይም ነበር። አዲስ የሚታይ ነገር ከሌለ ዝም ማለት ይሻላል ባይ ነው። ነቃፊዎቹም ለዚህ መልስ አላጡለትም፤ የተለየ መሆን ብቻውን ትክክል መሆን አይደለም አሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘው ነበር። ክርክሩ ያልሞተውም ስለዚህ ነው።

የጉልድ ኑሮ ብቸኝነት የበዛበት ነበር። ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ይሠራል። ወዳጆቹን በእኩለ ሌሊት በስልክ ቀስቅሶ ለሰዓታት ያወጋቸዋል፤ ከብዙዎቹ ጋር ግን ፊት ለፊት አይገናኝም። ስለ ብቸኝነት ለካናዳ ሬዲዮ ሦስት ዝግጅቶችን ሠራ። በ1967 በተላለፈው የመጀመሪያው ዝግጅት ወደ ሰሜናዊው በረዷማ ምድር የተጓዙ ሰዎችን ድምፅ እንደ ባኽ ዜማዎች አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ አሰማ። አንዳንዱ አድማጭ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ምን ይሰማል ብሎ አማረረ፤ ሌላው አዲስ ጥበብ ነው ብሎ አደነቀ። እጅግ የሚወደውና ለዓመታት የቀረጸበት ፒያኖ በ1971 በማጓጓዝ ላይ ሳለ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ለዓመታት ቢያስጠግነውም እንደ ቀድሞው አልሆነለትም።

እ.ኤ.አ በ1981 ጉልድ ከ26 ዓመት በፊት ወደ ጀመረበት ወደዚያው ስቱዲዮ ተመለሰ፤ ያንኑ የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች እንደገና ሊቀርጽ። አስቀድሞ የወጣትነት ሥራውን አዳምጦት ነበር። በጣቶቹ ቅልጥፍና ባያፍርም፣ ያንን ጨዋታ የተጫወተውን ሰው መንፈስ ከራሱ ጋር ሊያዛምደው አልቻለም። ለታይታ የቀረበ የፒያኖ ጨዋታ በዝቶበት አገኘው። ለሃያ ስድስት ዓመት ሌሎች የተከራከሩበትን ሥራ በመጨረሻ ከነቃፊዎቹ ጎን ቆሞ የመረመረው ራሱ ተጫዋቹ ሆነ።

አዲሱ ቀረጻ ከፊተኛው እጅግ ይለያል። ፊተኛው 38 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ የኋለኛው 51 ደቂቃ ይፈጃል። የመነሻው ዜማ በወጣትነቱ ሁለት ደቂቃ አልሞላም ነበር፤ አሁን ሦስት ደቂቃ ሞላ። ወንበሯ ያችው ናት፤ ማንጎራጎሩም ያው ነው። የተለወጠው እርጋታው ነው። በዚህም አድናቂዎቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ የወጣቱን እሳት ይመርጣል፤ ሌላው የጎልማሳውን ጥሞና።

ሸክላው በሴፕቴምበር 1982 ወጣ። በዚያው ወር 27ኛ ቀን፣ 50ኛ ዓመቱን በያዘ በሁለተኛው ቀን፣ ጉልድ በስትሮክ ተመታ። ኦክቶበር 4 ቀን በቶሮንቶ አረፈ። በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በተደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ተገኘ። በሕይወት ሳለ ከሕዝብ ፊት የሸሸው ሰው የመጨረሻ ጊዜ አዳራሽ ሞላ፤ የተሰማውም እርሱ ከአንድ ዓመት በፊት የቀረጸው ያ ዝግ ያለ ዜማ ነበር። ሀብቱን ለሁለት እኩል ከፍሎ ለድሆች መርጃ ድርጅትና ለእንስሳት ተንከባካቢ ማኅበር ተናዝዞ ነበር።

እ.ኤ.አ በ1977 ወደ ጠፈር የመጠቁት የቮያጀር መንኮራኩሮች የምድርን ድምፆች በያዘው ወርቃማ ሸክላ ውስጥ ጉልድ የተጫወተውን የባኽ ሥራ ይዘው ዛሬም ይጓዛሉ። በቶሮንቶ ባለው መቃብሩ ላይ ደግሞ ከስሙና ከዘመኑ ጋር የጎልድበርግ መነሻ ዜማ ጥቂት ኖታዎች ተቀርጸዋል። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጫወቱ ግን ድንጋዩ ላይ አልተጻፈም።