ማሞ ወልዴ፤ ስፖርታዊ ጨዋነትና የአሸናፊነት ጥማት

ስፖርት የሰውን አካል የሚያጠነክር፣ መንፈሱን የሚያድስና ሕዝብን ከሕዝብ ጋር የሚያቀራርብ የሰው ልጅ የጋራ ሀብት ነው። ይህ አባባል በየመድረኩ ሲደጋገም የኖረ በመሆኑ በቃል የሚቃወመው የለም፤ በተግባር ሲፈተን ግን ብዙዎች ይክዱታል። ውድድር ካለ አሸናፊና ተሸናፊ መኖራቸው የማይቀር ነው። አሸናፊነት በገንዘብ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ማን ይበልጥ ሮጠ ከሚለው አልፎ ማን ይበልጥ አተረፈ ወደሚለው እየተሸጋገረ መጥቷል። እንግዲህ የማሸነፍ ጥማትና ስፖርታዊ ጨዋነት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉን? ወይስ አንዱ ሌላውን አባርሮ ብቻውን መንገሥ አለበት?

ይህን ጥያቄ በረቂቅ ሐሳብ ከመመርመር ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ብንመረምረው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብለን እናምናለን። ሰውየው ማሞ ወልዴ ነው። እርሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ዛሬ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ ከአዳማና ከወንጂ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ማለዳ በአስፋልቱ ዳር ሲሮጡ የምናያቸው ወጣቶች የሚረግጡትን አፈር ረግጦ ያደገ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ በአራት ኦሎምፒኮች ተሰልፎ ወርቅ ያጠለቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በመሆኑም የማሸነፍን ክብር ብቻ ሳይሆን የመሸነፍንም ምሬት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ማሞ ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. በአድአ አካባቢ፣ ከቢሾፍቱ በማይርቅ ድሬ ጅሌ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አድአ በጤፉ የታወቀ የገበሬ አገር ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ፤ ቀጥሎም ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጋር ወደ ኮሪያ ዘምቶ ሁለት ዓመት ያህል አገለገለ። ሩጫን እንደ ሙያ ይዞ የሚተዳደርበት ዘመን አልነበረም። ደመወዙ የወታደር ደመወዝ፣ ሜዳውም የወታደር ሜዳ ነበር።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ ማሞም ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበር። የሮጠው ኋላ በታወቀበት ረጅም ርቀት ሳይሆን በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነው። ከማጣሪያው አላለፈም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ሲያስደንቅ ማሞ በቦታው አልነበረም። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ሆነ፤ ከሜዳልያ አንድ ደረጃ ብቻ ቀረው። በዚያው ኦሎምፒክ ማራቶን ጀምሮ አቋረጠ፤ አበበ ግን ዳግመኛ አሸነፈ።

ከዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንሻለን። በዚያን ጊዜ ማሞ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ዓመት ደርሷል። ሁለት ኦሎምፒክ ሮጦ አንድም ሜዳልያ አላገኘም። ጓደኛውና የሠራዊት ባልደረባው የዓለም ጀግና ሆኗል። ዛሬ አንድ ሯጭ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ ወደ ወኪል ቢቀርብ የሚያስፈርመው መኖሩ ያጠራጥራል። ማሞን በሜዳው ያቆየው ግን የሚያገኘው ዋጋ አልነበረም፤ ሥራውና የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ መጣች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የቆላ አገር ሯጮች ትንፋሽ አጠራቸው። ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ማሞ ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ጋር እስከ መጨረሻው መስመር ተናነቀ። ቴሙ የቀደመው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ሲሆን፣ ማሞም የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳልያውን፣ ብሩን፣ አገኘ።

ጥቅምት 10 ቀን የማራቶኑ ዕለት ነበር። የኢትዮጵያ ተስፋ አሁንም በአበበ ላይ ነበር፤ ነገር ግን አበበ እግሩ ታምሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ለመውጣት ተገደደ። ያን ጊዜ ሸክሙ ወደ ማሞ ትከሻ ተላለፈ። በዚያች ቅጽበት በሁለቱ መካከል ቅናት ቢኖር ኖሮ ለመግባት ሰፊ በር ነበረው። የሆነው ግን ሌላ ነው። አበበ ድሉን ለባልደረባው አደራ ብሎ ወጣ፤ ማሞም የተቀበለውን አደራ ይዞ ወደ ፊት ገሰገሰ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ቀድሞ ሲገባ፣ ሁለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ ገና ሦስት ደቂቃ ያህል ይቀረው ነበር። ኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስተኛ የማራቶን ወርቋን ያገኘችው በዚህ ዓይነት ነው። በ10 ሺህ ሜትር ማሞን የቀደመው ቴሙ በዚህ ውድድር አሥራ ዘጠነኛ ሆነ። የሰሞኑ አሸናፊ ለነገ ዋስትና እንደሌለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የዚያ ቀን ታሪክ ግን በማሞ አላበቃም። ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ጀንበር ጠልቃ ተመልካቹም በአብዛኛው ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ሯጭ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሎ እያነከሰ ስታዲየም ገባ። ታንዛኒያዊው ጆን ስቲቨን አክዋሪ ነበር። በመንገድ ላይ ወድቆ ክፉኛ ተጎድቷል፤ አቋርጦ ቢወጣ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ነገር ግን አገሩ የላከችው ሩጫ ሊጀምር ብቻ ሳይሆን ሊፈጽምም መሆኑን ስለ ተረዳ እስከ መስመሩ ደረሰ። በአንድ ጎዳና፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት አፍሪካውያን ሮጡ፤ አንዱ ከሁሉ በፊት፣ ሌላው ከሁሉ በኋላ ገባ። የስፖርት ታሪክ ሁለቱንም በክብር መዝግቧቸዋል። ገንዘብ ብቻውን መዝገብ ቢይዝ ኖሮ ግን የሁለተኛው ስም ባልተጻፈ ነበር።

አንዳንዶች ጨዋነትን ከድክመት ጋር ያምታቱታል፤ ጨዋ ሯጭ ለማሸነፍ የማይጓጓ ይመስላቸዋል። የማሞ ሕይወት ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። በሙኒክ ኦሎምፒክ ዕድሜው አርባ ደርሶ ለማራቶን ሲሰለፍ ዓላማው ወርቅ ነበር። ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከአበበ የሮም ድል ልክ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፣ ቤልጅጋዊው ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ፣ ማሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ሦስተኛ ሆነ። ከአበበ ቀጥሎ በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒኮች የማራቶን ሜዳልያ ያገኘ ሁለተኛው ሰው ለመሆን በቃ። እርሱ ግን አልረካም፤ ባለሥልጣናት ለእግሩ የማይስማማ ጫማ እንዲያደርግ ስላስገደዱት ወርቁን እንዳጣ በቁጭት ይናገር ነበር። በጥር 1965 ዓ.ም. በሌጎስ በተካሄደው የመላው አፍሪካ ጨዋታም የማራቶኑን ወርቅ ወሰደ። ይህ የማሸነፍ ጥማት ያልነበረው ሰው ታሪክ አይደለም።

በሙኒክ ከማሞ በሠላሳ አንድ ሴኮንድ ያህል ተቀድሞ አራተኛ የወጣው ኬኒ ሙር የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ሙር በሜክሲኮም አብሮት ሮጧል። ያንን የነሐስ ሜዳልያ ያሳጣው ማሞ ነው። ዛሬ በተለመደው ሒሳብ ሙር ለማሞ ቂም ቢይዝ፣ ቢያንስም ቢረሳው፣ ማንም አይደነቅም ነበር።

ዓመታት አለፉ። በ1985 ዓ.ም. ማሞ በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ ግድያ ጋር በተያያዘ ተይዞ ታሰረ። እርሱ በስፍራው እንደነበረ፣ በግድያው ግን እንዳልተካፈለ ይከራከር ነበር። ሜዳልያ ማንንም ከሕግ በላይ አያደርግም፤ ልጃቸውን ያጡ ወላጆችም ፍትሕ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላቸው። ነገር ግን ፍርድ ሳይሰጥ ዓመታት ሲቆጠሩ ለከሳሽም ለተከሳሽም ፍትሕ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ነው ያ በሠላሳ አንድ ሴኮንድ የተቀደመው ሰው የተነሣው። ሙር ጋዜጠኛ ሆኖ ነበርና ወደ አዲስ አበባ ተጉዞ የማሞን ጉዳይ መረመረ፤ በ1988 ዓ.ም. በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የስፖርት መጽሔት ላይ በሰፊው ጽፎ ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም ስለ ማሞ ለኢትዮጵያ መንግሥት አቤቱታ አቀረበ። በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የስድስት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ ስለ ነበር ወዲያው ተለቀቀ። ነፃነቱ ግን አጭር ነበረች። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በጉበት ካንሰር አረፈ።

እንግዲህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ሕይወት ውስጥ ይወጣል። ጨዋነት ማለት ለማሸነፍ አለመፈለግ አይደለም። ጨዋነት ማለት ተቀናቃኝን ከመንገድ እንደሚጠረግ እንቅፋት ሳይሆን አብሮ እንደሚደክም ባልደረባ መቁጠር ነው። ሙር ማሞን ያላሸነፈው ጉልበቱን ሳይቆጥብ ሮጦ ነው፤ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ሊሟገትለት የተነሣውም ያን ዕለት ጎን ለጎን የፈሰሰውን ላብ ስላልረሳ ነው። ፉክክሩ ወዳጅነቱን አላጠፋውም፤ እንዲያውም ወለደው።

ይህን ስንል የድሮው ሁሉ መልካም፣ የዛሬው ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ሯጭ ከሩጫው ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክል የነበረው የቀድሞ ደንብ በስሙ ንጹሕ ቢመስልም፣ ሳይሠራ መብላት የሚችለውን ባለጸጋ የሚጠቅም፣ የገበሬውንና የወታደሩን ልጅ የሚጎዳ ነበር። ከ1989 ዓ.ም. የአቴንስ የዓለም ሻምፒዮና ጀምሮ በአትሌቲክስ የዓለም ሻምፒዮና የገንዘብ ሽልማት መሰጠቱ የላብ ዋጋ መሆኑን እንቀበላለን። በአርሲና በሸዋ ስንት ቤት የተሠራው፣ ስንት ታናሽ ወንድምና እኅት የተማረው በዚህ ገንዘብ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ገንዘብ የድካም ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛ ዳኛ ሲሆን ነው።

በዚያን ጊዜ ሯጩ ዕድሜውን ይደብቃል። የደጋው አየር በብዙ ዓመት ልፋት በደሙ ውስጥ የሚያበዛለትን ቀይ ሕዋስ በአንድ መርፌ ሊያገኘው ይከጅላል። ጫማው ሳይቀር የክርክር ምንጭ ይሆናል። በ1964 ዓ.ም. ማሞ የማይስማማ ጫማ ወርቅ አሳጣኝ ብሎ ተቆጨ፤ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በቪየና ማራቶን አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ አንደኛ ከገባ በኋላ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሳንቲ ሜትር አልፎ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉ ተሰረዘ። በሁለቱ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለ። ሙያው ምን ያህል እንደተለወጠ ከዚህ ይታያል።

ጉዳዩ የሯጮች ብቻም አይደለም። አዳማ በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የፕሪሚየር ሊጉን ጨዋታዎች በተራ ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ነበረች። በሜዳው ላይ ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ይፎካከራሉ፤ ጨዋነትን የሚያስጠብቀው ወይም የሚያፈርሰው ግን በአብዛኛው በዙሪያው የተቀመጠው ሕዝብ ነው። እንግዳውን ቡድን በስድብ የሚቀበል ደጋፊ የራሱን ቡድን የረዳ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ያለ ተጋጣሚ ጨዋታ እንደሌለ ዘንግቷል።

ስለሆነም አሠልጣኞች፣ መምህራን፣ ወላጆችና የከተሞቻችን የስፖርት ኃላፊዎች ወጣቱን ሲያሠለጥኑ ሰዓቱን ብቻ መቁጠር አይበቃቸውም። አምስተኛና አሥረኛ ለሚወጣው ልጅ ምን ቦታ አለን? ጉልበቱ ሲደክምና ወኪሉ ሲተወው ማን ይጠይቀዋል? ይህን የማይመልስ ማሠልጠኛ ሯጭ ሊያወጣ ይችላል፤ ስፖርተኛ ግን አያወጣም። ለወጣቶቹም የምንለው አለን። ለማሸነፍ ሩጡ፤ ከልባችሁ ሩጡ። ነገር ግን ከጎናችሁ የሚተነፍሰውን እወቁት። ሜዳልያው ከግድግዳ ላይ አቧራ በሚጠጣበት፣ ጭብጨባውም ጸጥ በሚልበት ቀን በርን የሚያንኳኳው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ለማሞ ወልዴ የሆነው እንዲህ ነበርና።