እስራኤል ሳይደርስ የወደቀው በራሪ

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፤ በቅርስ ትምህርታችን ለአገር የወደቁ ሰዎችን ታሪክ ስንማር እኔ የመረጥኩት ካናዳዊውን በራሪ ጆርጅ በርሊንግን ነው።

ጆርጅ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1921 ካናዳ ውስጥ በሞንትሪያል አጠገብ ቨርደን በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። ከልጅነቱ ልቡ ከአውሮፕላን ጋር ስለነበር ትምህርቱን አቋረጠ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የካናዳ አየር ኃይል ትምህርትህ አይበቃም ብሎ መለሰው። እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1940 የመርከብ ሠራተኛ ሆኖ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የሚያደፍጡበትን ውቅያኖስ ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ደረሰ። የልደት ወረቀቱን ረስቶ ስለነበር ካናዳ ተመልሶ፣ ወረቀቱን ይዞ እንደገና ተሻገረ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ አየር ኃይል ተቀበለው።

በ1942 ወደ ማልታ ደሴት ተላከ። ማልታን የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሌት ተቀን ይደበድቧት ነበር። ይህ የኢጣሊያ አየር ኃይል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ ላይ ቦምብና መርዝ ያዘነበው ነው። ጆርጅ ዓይኑን ለማሠልጠን እንሽላሊት በሽጉጥ ይመታ ነበር ይባላል። በ14 የውጊያ ቀናት ብቻ 27 አውሮፕላን ጣለ። ኦክቶበር 14 ቀን እርሱም ተመቶ እግሩ ቆሰለ። ወደ እንግሊዝ ሲመለስ የተሳፈረበት አውሮፕላን ጂብራልታር ባሕር ውስጥ ወድቆ ብዙዎች ሲሞቱ እርሱ ተረፈ። የጀግንነት ሜዳሊያዎችም ተሸለመ። ነገር ግን ለአለቃ መታዘዝ ይከብደው ስለነበር በ1944 ከሠራዊቱ ወጣ።

እስራኤል ሜይ 14 ቀን 1948 ስትታወጅ ወዲያው ጦርነት ተነሳ። ከውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች መጡ፤ እነርሱም ማሐል ይባላሉ። ጆርጅም ከእነርሱ አንዱ ሊሆን ተነሳ። ለገንዘብ ነው ያሉ ነበሩ፤ ለእምነቱ ነው ያሉም ነበሩ። ልብን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ሜይ 20 ቀን ሮም ውስጥ፣ ወደ እስራኤል የሚሄድ አውሮፕላን ከእንግሊዛዊው በራሪ ከሊዮናርድ ኮኸን ጋር ሲሞክር አውሮፕላኑ ተቃጥሎ ሁለቱም ሞቱ። ጆርጅ 26 ዓመቱ ነበር። አውሮፕላኑን ጠላት አበላሽቶታል ተብሎ ቢወራም አልተረጋገጠም።

መጀመሪያ ሮም ተቀበረ። በ1950 አፅሙ ወደ እስራኤል መጥቶ በሃይፋ ወታደራዊ መቃብር አረፈ። በሕይወቱ ያልደረሰባት አገር አልረሳችውም።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት መንገድ ላይ መቅረት ምን እንደሆነ እናንተ ስለምታውቁ ነው። ኢየሩሳሌም ብለው ከቤታቸው ወጥተው በሱዳን መንገድና በመጠለያ ካምፖች ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 ይሆናሉ። የብዙዎቹ መቃብር አይታወቅም፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። የጆርጅ ስም በድንጋይ ላይ ስለተጻፈ እኛ ልጆች ልናነበው ቻልን። የእነርሱን ስም ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ንገሩን፤ እኛም እንጻፈው።