የማርቲን ሉተር ሕይወትና የዘመኑ ሕዝብ ኑሮ

የማርቲን ሉተርን ስም በታሪክ ትምህርት ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ጋራ ስለ ሃይማኖት መከራከሩን ብቻ ነው። የአንድ መነኩሴ ጽሑፍ አገር ሙሉ ያናወጠበትን ምክንያት ለመረዳት ግን የተወለደበትን ቤትና የዘመኑን ሕዝብ ኑሮ መመልከት ያስፈልጋል። እኛም ይህንኑ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉተር በ1483 ዓ.ም. በጀርመን አገር አይስሌበን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐንስ የገበሬ ልጅ ሲሆን፣ እርሻውን ትቶ መዳብ ወደሚወጣበት ወደ ማንስፌልድ ሄደና የማቅለጫ ምድጃ ተከራይቶ በብዙ ድካም ኑሮውን አሻሻለ። ልጁም ሕግ ተምሮ ባለማዕርግ እንዲሆንለት ተመኘ። ሉተር በልጅነቱ፣ ልክ እንደ አገራችን የቆሎ ተማሪ፣ በየሰው ደጅ እየዘመረ ምግብ ይለምን ነበረ። በ1501 ዓ.ም. ኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1505 ዓ.ም. ግን መንገድ ላይ ሳለ መብረቅ አጠገቡ ቢወድቅ ደንግጦ ለመመንኮስ ተሳለ፤ አባቱ እጅግ እየተቆጣም ገዳም ገባ። በ1512 ዓ.ም. የሃይማኖት ትምህርት ዶክተር ሆኖ በቪተንበርግ ማስተማሩን ቀጠለ።

በዚያን ጊዜ ጀርመን በብዙ መሳፍንት፣ ጳጳሳትና ከተሞች የተከፋፈለች ነበረች። ገበሬው ለቤተ ክርስቲያን አሥራት፣ ለባላባቱ ደግሞ ግብርና ጉልበት ይሰጥ ነበረ፤ በብዙ ስፍራም አባወራው ሲሞት ከከብቱ ምርጡ ይወሰድበት ነበረ። የከተማው ነጋዴና አንጥረኛ ካህናቱ ግብር ባለመክፈላቸው ያጉረመርም ነበረ። መሳፍንቱም የአገሩ ገንዘብ ወደ ሮማ በመፍሰሱ ይቈጡ ነበረ። እንግዲህ እሳት ያልነካው እንጂ ደረቁ እንጨት አስቀድሞ ተከምሮ ነበረ።

እሳቱን የለኰሰው የገንዘብ ነገር ነው። አልብሬክት የሚባል መስፍን የማይንዝ ሊቀ ጳጳስነትን ለማግኘት ለሮማ የሚከፍለውን ብዙ ገንዘብ ከፉገር ባለባንኮች ተበደረ። ዕዳውን ይከፍል ዘንድ የኃጢአት ሥርየት ወረቀት እንዲያሸጥ ተፈቀደለት፤ ከገቢውም እኩሌታው ለፉገሮች፣ እኩሌታው በሮማ ለሚሠራው ለቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሉተር ድኻው ሕዝብ ለልጆቹ እንጀራ የሚሆነውን ገንዘብ ለወረቀት ሲያወጣ አይቶ፣ ጥቅምት 31 ቀን 1517 ዓ.ም. ዘጠና አምስት የክርክር ነጥቦች ለአልብሬክት ላከ።

ከአንድ መቶ ዓመት በፊት፣ በ1415 ዓ.ም.፣ ያን ሁስ ቤተ ክርስቲያንን በመውቀሱ በእሳት ተቃጥሎ ነበረ። ሉተር የተረፈበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የማተሚያ መሣሪያ ስለ ነበረ ጽሑፉ በጥቂት ጊዜ በየከተማው ተበተነ። ሁለተኛ፣ የሳክሶኒው መስፍን ፍሬድሪክ ጠበቀው። በ1521 ዓ.ም. በቮርምስ ጉባኤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሞ ቃሉን አላጥፍም ባለ ጊዜ፣ ፍሬድሪክ በዋርትቡርግ ግንብ ሸሸገው። በዚያም አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ተረጐመ፤ በ1522 ዓ.ም. ታተመ።

ታዲያ ገበሬዎቹ ስለ ክርስቲያን ነፃነት የተሰበከውን ሲሰሙ ለነፍስ ብቻ ነው ብለው አላሰቡም። በ1525 ዓ.ም. በሜሚንገን ባወጡት ዐሥራ ሁለት አንቀጽ ገባርነት እንዲቀር፣ ካህናቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ፣ ዱሩና ወንዙም እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ሉተር በመጀመሪያ የባላባቶቹን ግፍ ወቀሰ፤ ዐመፁ ሲበረታ ግን መሳፍንቱ ያለ ምሕረት እንዲመቷቸው ጻፈ። ግንቦት 15 ቀን በፍራንከንሃውዘን ብዙ ሺህ ገበሬዎች ዐለቁ፤ መሪያቸው ቶማስ ሙንጸርም ተሰየፈ። የገበሬ የልጅ ልጅ የሆነው ሰው በገበሬዎች ላይ መነሣቱ እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል። በ1543 ዓ.ም. በአይሁድ ላይ የጻፈው የጥላቻ መጽሐፍም እንዲሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ተሐድሶው በመሳፍንቱና በከተሞቹ እጅ ገባ፤ የብዙ ገዳማት ሀብትም ወደ እነርሱ አለፈ። ሉተር በ1525 ዓ.ም. ካታሪና ፎን ቦራን አግብቶ ስድስት ልጆች ወለደ። በ1534 ዓ.ም. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በጀርመንኛ ታተመ፤ በዚሁ ዓመት ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ስለ ሃይማኖት ከእርሱ ጋራ ተነጋግሯል። በ1546 ዓ.ም. የማንስፌልድን መሳፍንት ሊያስታርቅ ሄዶ፣ በተወለደባት በአይስሌበን በ62 ዓመቱ ሞተ።

ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ሥራው በተለይ ይታወሰናል። በ1524 ዓ.ም. ለከተማ ሹማምንት በጻፈው ደብዳቤ፣ ለመንገድና ለጦር መሣሪያ የሚወጣውን ያህል ገንዘብ ለትምህርት ቤትም እንዲያወጡ፣ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች እንዲማሩ መከረ። ከሕይወቱ የምንማረውም ይህ ነው፤ ቃል ከተናጋሪው አፍ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ በችግሩ ልክ ይሰማዋል። ስለዚህ ሕዝብን የሚያስተምር ሰው የሕዝቡን ኑሮ አስቀድሞ ማወቅ፣ የሚሰማውንም ሕዝብ በጭንቁ ቀን አለመካድ ይገባዋል።