ቅኔ አይደገምም፣ ዘፈን ግን ይደገማል፦ ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

የዘፈን ነገር ሲነሳ እኛ የግምጃ ቤት ሰልጣኞችና መምህራን ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ ወገን ዘፈን የሥራ ፈት ነገር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሬዲዮ ካልተከፈተለት የነገውን የትምህርት ዕቅድ መጻፍ አይሆንለትም። ክርክሩን በዚህ ሰሌዳ ላይ እንቋጨዋለን አንልም። ግን ከዚሁ ከጎጃም የወጣ፣ ሥራውም እንደኛው ማስተማር የነበረ አንድ የዘፈን ግጥም ደራሲ አለ። ክርክሩ ከመቀጠሉ በፊት የእሱን ሕይወት እናንሳ።

ዮፍታሔ ንጉሤ በ1880ዎቹ ደብረ ኤልያስ ተወለደ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚያው ጉባኤ ቀምሷል። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከመካከላችን አባቱ ወይም አያቱ ያላወሩለት የለም መቼም። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት በጨለማ ቅኔ ሲቆጥር ማደር ነው። ዮፍታሔ በዚህ መንገድ አልፎ ቀኝ ጌታ ለመባል በቃ። ቀኝ ጌታ ማለት በማኅሌቱ ከቀኝ በኩል የሚቆሙትን ሊቃውንት የሚመራ ሰው ማዕረግ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ወደ ዘፈን ሲመጣ ነገሩ ቀላል እንዳልነበር መገመት አያዳግትም። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ዜማ ሌላ ነው፣ ዘፈን ሌላ። ዜማው ከቅዱስ ያሬድ የወረደ ነው፤ ዘፈኑ ግን ከኃጢአት ይቆጠራል። አዝማሪም ቢሆን በየግብዣው ይፈለጋል እንጂ ልጄን ላግባልህ የሚለው ሰው ብዙ አልነበረም። ባለ ማዕረግ ደብተራ ለዚህ ዓለም ጨዋታ ግጥም ሲጽፍ ከሁለቱም ወገን ዐይን ይበዛበታል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን የሙያው መለዋወጥ ነው። ቅኔ ለአንድ ቀን የሚሠራ ነው። ባለቅኔው ለዕለቱ በዓል ይቀኛል፣ ሊቃውንቱ ሰሙንና ወርቁን ለይተው ያደንቃሉ፣ በዚያው ያበቃል። ያንኑ ቅኔ በሌላ በዓል ይዞ የቀረበ ሰው መሳቂያ ነው የሚሆነው። ዘፈን ደግሞ በተቃራኒው፣ ካልተደገመ ሞተ ማለት ነው። ሊቅ ብቻ ሳይሆን ውኃ የምትቀዳው ልጅም አንዴ ሰምታ ልትይዘው ይገባል። ስለዚህ ዮፍታሔ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲያከማቸው የኖረውን ምሥጢር ሳይጥል፣ ቃሉን ግን ማቅለል ነበረበት። ይህ ከባድ ሥራ ነው። አስቸጋሪ ትምህርት ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ለማስረዳት የሞከረ ሰልጣኝ ሁሉ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ገብቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ። የአማርኛ ቴያትር ያን ጊዜ ገና ዳዴ ይላል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በአውሬዎች ምሳሌ የጻፉት የመጀመሪያው ቴያትር ሹማምንቱን ነክቷል ተብሎ ከተከለከለ በኋላ መድረኩ ለዓመታት ጭር ብሎ ቆይቶ ነበር። ከ1923ቱ የንግሥ በዓል ወዲህ ሲነቃ ዮፍታሔ ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ሆነ። የሆድ አምላኩ ቅጣት፣ ጥቅም ያለበት ጨዋታ፣ ኋላም አፋጀሽኝ የእሱ ናቸው። ተዋንያኑ ተማሪዎች ነበሩ። የሴቱንም ቦታ ወንዶቹ ነበሩ የሚጫወቱት፤ ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው። በጨዋታዎቹም መካከል መዝሙርና ዘፈን በብዛት ይገባል። ይህን ያደረገው ለጌጥ ብቻ አይመስለንም። ተመልካቹ ማንበብ የማይችል በሆነበት አገር ረጅም ንግግር አዳራሹ ውስጥ ይቀራል፤ ዘፈኑ ግን ከሰዉ ጋር ቤት ይገባል።

በዜማው ሥራ አብሮት የደከመው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል አርመናዊ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያገኟቸውና አርባ ልጆች የሚባሉት ወላጅ አልባ የነሐስ ሙዚቀኞች ወደ አገራችን ሲመጡ፣ መሪ ሆኖ የመጣው እሱ ነበር። ከእነሱ ጋር የመጣው ማርሽ የሰልፍ እርምጃን የሚከተል ነው። አማርኛ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አለ የሚለውን ቃል አላልታችሁ ብታነቡት ተናገረ ማለት ነው፣ አጥብቃችሁ ብታነቡት ይገኛል ማለት ይሆናል። ዜማው ሳያስበው የላላውን ቢያጠብቅ ትርጉሙ ይገለበጣል። ግጥሙም እንደ ወል ቤት ስድስት ስድስት ፊደል እየቆጠረ ልሂድ ቢል፣ ማርሹ ሁልጊዜ አይጠብቀውም። በእንዲህ ያለ ዜማ ላይ አማርኛ እንዳይወላገድ ግጥም ማልበስ የጆሮ ሥራ ነው። በማኅሌት የተገራ ጆሮ እዚህ ላይ ጠቅሟል እንላለን።

የዘውዱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙርም የሁለቱ ሥራ ነው፤ ዜማው የኬቮርክ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ። ለአርባ ዓመታት ያህል ተማሪ ሁሉ ዘምሮታል። በእኛ አስተያየት ግን የዮፍታሔ ትልቁ ሥራ እሱ አይደለም። ግጥሙ ከንጉሡ ጋር የተቆራኘ ስለነበረ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ አብሮ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ መዝሙሩ ተለውጧል። ይልቅ ማስተማሪያ ክፍሉን የዘፈን መፍለቂያ ማድረጉ ይበልጥብናል።

ጣሊያን ሲገባ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ሲመለሱ የዘመተው ጦር ያለፈው በዚሁ ባጠገባችን በእንጅባራ አድርጎ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩት ኖረዋል። ከነፃነት በኋላ ዮፍታሔ በፓርላማ ከፍ ያለ ኃላፊነት ተሰጠው። ግን ዕድሜ አልሰጠውም፤ በ1939 ዓ.ም. በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ አረፈ።

ከጻፈው ብዙው በሕይወት ሳለ አልታተመም። ባለቅኔውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ የሕይወቱንና የጽሑፉን ታሪክ ባይጽፍልን ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ከዚህም ባነሰ ነበር። መጽሐፉን ያገኘ ሰልጣኝ ቢያነበው አይቆጭም። ዘፈን አፍ ለአፍ ስለሚሄድ ደግሞ አሁንም ከየቤቱ ቅሪት አይጠፋም። ከደብረ ኤልያስና ካካባቢው የመጣችሁ፣ ለዕረፍት ስትሄዱ አያቶቻችሁ በተማሪነታቸው ምን ይዘምሩ እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉልን። ማን እንደገጠመው ባይታወቅም ግድ የለም፤ ቦታ እናበጅለታለን።